«ካሃኒ» ላይ የዋሸችው ቪድያ ናት ወይስ ፊልሙ ራሱ? (ያላየ አያንብብ)

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከዚህ በታች የምጽፈው የፊልሙን መጨረሻ ያወጣዋል፤ «ካሃኒ»ን ያላያችሁ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ።

ቅዳሜ ማታ እማዬ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ አብረን ቁጭ ብለን አየነው። የእማዬ የህንድ ፊልም ፍቅር የቆየ ነው። በወጣትነቷ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ከእህቶቿ ጋር ተሰልፋ ትገባ እንደነበር፣ አልቅሳ ዓይኗ አብጦ ስትመለስም አያቴ «ማን ሞተ?» ብላ ትደነግጥ እንደነበር ስትነግረን ነው ያደግነው። ወንድሜ ደግሞ ስድስት ኪሎ ይማራል፤ ነገር ሳያጣራ የማይለቅ ልጅ ነው። ፊልሙ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ አለቀ፤ ክርክራችን ግን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይም አላለቀም።

ለረሳችሁ ባጭሩ ላስታውስ። ፊልሙን ሱጆይ ጎሽ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ነው። ቪድያ የምትባል ነፍሰ ጡር ባሏን ፍለጋ ከለንደን ኮልካታ ትመጣለች፤ የምትጫወተው ቪድያ ባላን ናት። ወቅቱ የዱርጋ ፑጃ በዓል ነው፣ ከተማው በሰው ተጥለቅልቋል። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ባሌ አርናብ ባግቺ ለሥራ እዚህ መጥቶ ደብዛው ጠፋ» ትላለች። ራና የሚባል ለጋ ፖሊስ አዝኖላት አብሯት ይንከራተታል። ባልየው አረፈበት የተባለው የእንግዳ ማረፊያ «እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም» ይላል። ሠራበት የተባለው መሥሪያ ቤትም «መዝገባችን ላይ የለም» ይላል። አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ብቻ «ባልሽ ድሮ እዚህ ይሠራ የነበረ ሚላን ዳምጂ የሚባል ሰው ይመስላል» ትላታለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትገደላለች። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ትንፋሽ አይሰጥም።

መጨረሻው ደግሞ ይኸው፦ አርናብ ባግቺ የሚባል ሰው ጭራሽ የለም። እርግዝናውም የለም፤ ሆዷ ሰው ሠራሽ ነው። እውነተኛው ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት ሜትሮ ባቡር ውስጥ በተለቀቀ መርዘኛ ጋዝ ከሞቱት አንዱ ነበር፤ በዚያው ድንጋጤ ፅንሷም ወርዶባታል። የመጣችው ያንን ጋዝ የለቀቀውን ዳምጂን ከተደበቀበት አስወጥታ ልትገድለው ነው። ገደለችውም።

ወንድሜ እዚህ ጋ ተነስቶ ቆመ። «ባልየውን እኮ አሳይተውናል! ፊቱን አየነው፣ ሲስቅ አየነው። ሰው ቢዋሽ እሺ፤ በዓይናችን ያየነው ሰው የለም ከተባለ ግን የዋሸው ካሜራው ነው። የወንጀል ፊልም ላይ ተመልካች ያለው ዓይኑ ብቻ ነው፤ እሱን ከወሰዱብህ ምን ይዘህ ትገምታለህ?» አለ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

ግን አንድ የከነከነኝ ነገር አለ። ፊልሙ ገና መሐሉ ላይ እያለ እማዬ የቡና ቁርስ እየለቀመች «ይቺ ልጅ ሐዘን ላይ ናት» ብላ ነበር። ሁለታችንም ዞረን አየናት። ምክንያቷን ስንጠይቃት «ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ የጠፋ ባል አንዴ እንኳ አይታማም? አንዴ እንኳ አይረገምም? እንዲህ በጎ በጎው ብቻ የሚወራለት የሞተ ሰው ነው» አለች። መጨረሻው ሲመጣ ሰውነቴን ወረረኝ።

እንግዲህ ፊልሙ አጭበርብሮ ከሆነ እማዬ በምን አወቀች? አላጭበረበረም ካላችሁ ደግሞ ያ የታየን ባል ምንድን ነው? ለዚህ የተቀመጠ ሕግ አለ ወይ? የህንድ የግድያ ፊልም በደንብ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ወንድሜም እያነበበ ነው።


ጃንሜዳ፦

ወንድምሽ ልክ ነው። ገጸ ባሕርይ ይዋሽ፣ መብቱ ነው። ካሜራ ግን የደራሲው ቃል ነው፤ ደራሲ ለአንባቢው ዋሽቶ እንደማይጽፍ ሁሉ ካሜራም መዋሸት የለበትም። ይኼ አዲስ ጭቅጭቅ አይደለም። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1950 «ስቴጅ ፍራይት» በሚባለው ፊልሙ መክፈቻ ላይ አንድ ተጠርጣሪ የሚያወራውን ታሪክ በምስል አሳየ፤ በኋላ ታሪኩ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ሂችኮክ ራሱ ከዓመታት በኋላ ከፈረንሳዩ የፊልም አዘጋጅ ትሩፎ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ያንን ማድረግ እንዳልነበረበት ተናግሯል። እሱ ያመነውን ሱጆይ ጎሽ ለምን ይማራል?

«ካሃኒ» ግሩም ፊልም ነው፣ እኔም ሦስቴ ባየው አይሰለቸኝም። ግን ግሩምነቱ በቪድያ ባላን ትወናና በኮልካታ መንገዶች ነው። እንቆቅልሹ ላይ ሐቀኛ ጨዋታ አልተጫወተም።


ካዛንቺስ ነበርኩ፦

እኔ ከፊልሙ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ቦብ ቢስዋስ ነው። ያ ቦርጫም የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ መነጽሩን አድርጎ ፈገግ ብሎ «ናሞሽካር፣ ኤክ ሚኒት» (ሰላም፣ አንድ ደቂቃ) ይልና ሽጉጡን ያወጣል። ሳስዋታ ቻተርጂ የሚባል የቤንጋል ተዋናይ ነው የሠራው፤ ፊልሙ ላይ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰው ግን እሱን አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ2021 በስሙ ራሱን የቻለ ፊልም ሠሩለት፤ ያኛውን የተጫወተው አቢሼክ ባቻን ነው። ለእኔ ዋናው ቦብ የመጀመሪያው ነው። ነፍሰ ገዳይ ሁሉ ጠባሳ ያለው ጎረምሳ መሆን እንደሌለበት ያሳየኝ ሰው ነው። በጥያቄሽ ላይ ግን ከእናትሽ ጋር ነኝ።


ግልባጭ፦

እህቴ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። ከወንድምሽም ከጃንሜዳም አልስማማም፤ የማልስማማበትም ምክንያት የመጣው ከሥራዬ ነው።

ፍርድ ቤት ምስክር ሲሰማ ድምፁ ይቀረጻል። እኔ ያንን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፤ ልደታ ነው የምሠራው። የምስክሩን ፊት አላይም። የማውቀው ሲያስለው፣ ሲያመነታ፣ ውኃ ሲጠጣ፣ ዳኛው «ጮክ ብለው ይናገሩ» ሲሉት ብቻ ነው። ግን እየሰማሁ በጭንቅላቴ አያለሁ። ማንም ሰው ቢሆን ያያል። ምስክሩ «በሩን ከፍቶ ገባ» ሲል እኔ በሩን ቀለም ቀብቼዋለሁ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ የማንም መዝገብ እንዳይሆን ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። አንድ ባለሱቅ ማታ ላይ ጠብ አየሁ ብሎ ይመሰክራል። አስፋልቱ እርጥብ እንደነበር፣ የመታው ልጅ ቡናማ ጃኬት እንደለበሰ፣ የተመታው ሲወድቅ በፌስታል የያዘው ዳቦ እንደተበተነ ይናገራል። ድምፁ የረጋ ነው። ጣቴ ይጽፋል፣ እኔ ዳቦው ሲንከባለል ይታየኛል። ከዚያ መስቀለኛ ጥያቄ ይመጣል። «የት ሆነው ነው ያዩት?» «ሱቄ ውስጥ።» «የሱቅዎ በር ወዴት ነው የሚከፈተው?» ዝም። ለካ ሰውዬው ዳቦውን ያየው ጠቡ ካለቀ በኋላ ጩኸት ሰምቶ ሲወጣ ነው፤ ጃኬቱን የነገረው ደግሞ ጎረቤቱ ነው። ውሸታም ሰው አይደለም። ያየውንና የሰማውን አንድ ላይ ሰፍቶታል፣ ስፌቱም ለራሱ አይታየውም። እኔ የሣልኩት ምስል ግን ከመስቀለኛ ጥያቄው በኋላም ከጭንቅላቴ አልወጣም። እስካሁን ልጁ ቡናማ ጃኬት ለብሷል።

አሁን ወደ ፊልሙ። አርናብን የምናየው ቪድያ ስለ እሱ ስታወራ ነው። ስታወራ ደግሞ የሚሰማት ሰው አለ፣ ከሁሉም በላይ ራና። ስለዚህ ያ ምስል ካሜራው ኮልካታም ለንደንም ሄዶ ያመጣው አይደለም፤ አድማጩ እየሰማ የሚታየው ነው። ራና ደግሞ ልቡ ወደ እሷ ያደላ ለጋ ልጅ ስለሆነ ባልየው አምሮ፣ ስቆ፣ ፍቅር ሆኖ ቢታየው አይገርምም። እኛ ተመልካቾቹም ራና ቦታ ነው የተቀመጥነው። ያንን ምስል እንደ ማስረጃ ይዘን ከሄድን የያዝነው የአንዲት ምስክር ቃል ነው።

ወንድምሽ «ምን ይዤ ልገምት?» ብሏል። ይዞ ሊገምትበት የሚችል ነገር ፊልሙ በግልጽ ሰጥቶታል። የእንግዳ ማረፊያው ሰውዬ «አልመጣም» አለ። መሥሪያ ቤቱ «አናውቀውም» አለ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ፤ ሁሉም እውነቱን ነበር። እኛ ግን ምን አልን? «ይደብቃሉ፣ አንድ ሴራ አለ፣ መዝገቡን ሰርዘውታል» አልን። ሙሉ ሰፈር አንድ ቃል ሲናገር ሳናምን የአንዷን አመንን፤ እርጉዝ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ደክሟታል፣ ታሳዝናለች። ፊልሙ እውነቱን አልደበቀም። ማንም የማይሰማቸው ሰዎች አፍ ላይ አስቀመጠው። ይኼ ለእኔ ከሁሉ የላቀ ጨዋታ ነው፤ ሲያልቅም ደራሲውን አላማሁም።

እናትሽ ያደረጉት ልክ እንደ ጥሩ ዳኛ ነው። የተባለውን ትተው ያልተባለውን ሰሙ። ጠፋ ስለተባለ ባል የሚነገር ታሪክ ውስጥ ወቀሳ የሚባል ነገር የለም። ግልባጭ ስሠራ እንዲህ ያለው ነው እኔንም የሚያስቆመኝ፤ ታሪኩ ሲያምር ሳይሆን ታሪኩ ውስጥ መኖር የነበረበት ሲጎድል።

የህንድ የግድያ ፊልም የምወደው በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም ስለሚራቀቁበት ነው። «አንዳዱን»ን አስቡት፤ ስሪራም ራጋቫን እ.ኤ.አ. በ2018 የሠራው። ዓይነ ስውር መስሎ የሚኖር ፒያኖ ተጫዋች የሰው ቤት ገብቶ እየተጫወተ ሬሳ ያያል፤ ግን ማየቱ እንዳይታወቅ ጣቶቹ ማቆም የለባቸውም። እሱ ይጫወታል፣ ከጀርባው ሬሳውን ያነሳሉ፣ ደሙን ይጠርጋሉ። አንድ ቃል አይነገርም። ይህን ክፍል ብቻ ለማየት ፊልሙን ከፍቼ አውቃለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ፖላንድ ክራኮው ውስጥ ለድሮ ፍቅረኛው ያለፈውን ይተርክላታል፤ እኛም የተረከውን በምስል እናያለን። ተርኮ ይወጣል፤ ዓይነ ስውር ነኝ የሚለው ሰው መንገድ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ በምርኩዙ ለይቶ ይመታታል። ያኔ ያየሽው ሁሉ እንደገና ይናወጣል። ሲተርክ ያነሳት ያቺ ጥንቸል፣ ያ የመኪና አደጋ፣ እሱ ያለው እንጂ ሌላ ማን አየው? ፊልሙ አላጭበረበረም፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ በግልጽ አሳይቶሻል። መጠየቁን ለአንቺ ተወው።

«ድሪሽያም» ደግሞ ሥራዬን ሊያስተወኝ የደረሰ ፊልም ነው። የህንዲው እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፤ ኒሺካንት ካማት ነው ያዘጋጀው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጂቱ ጆሴፍ በማላያላም ቋንቋ ከሠራው የተወሰደ ነው። አጄይ ዴቭገን የሚጫወተው ቪጃይ ጎዋ ውስጥ የኬብል ቴሌቪዥን የሚሠራ፣ አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ፣ ቢሮው ውስጥ ፊልም ሲያይ የሚያነጋ ሰው ነው። ሴት ልጁ ክብሯን ሊደፍር የመጣውን ጎረምሳ ሳታስበው ትገድለዋለች፤ ሟቹ ደግሞ የትልቅ የፖሊስ አዛዥ ልጅ ነው፤ እናትየውን ታቡ ናት የተጫወተችው፣ ፊቷን ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል። ቪጃይ ምን አደረገ? ለምስክሮች ገንዘብ አልሰጠም፣ አላስፈራራም። ግድያው ካለፈ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ፓናጂ ሄደ፤ አውቶቡስ ተሳፈሩ፣ ምግብ ቤት በሉ፣ ሆቴል አደሩ፣ ሲኒማ ገቡ። ከዚያ በሌላ ቀን እየተመለሰ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ሲጨዋወት «ያኔ ኦክቶበር 2 እና 3 የመጣን ጊዜ» እያለ ቀኑን በወሬ መሐል ጣል ያደርግላቸዋል። ፖሊስ ሲጠይቃቸው ሁሉም ይምላሉ፤ ሁሉም ከልባቸው ነው። ሰዎቹን እውነት አይተዋቸዋል። ቀኑ ብቻ ነው የተተከለላቸው። አዛዧ ነገሩ የገባት ጊዜ የምትጋፈጠው ውሸታም ምስክር አይደለም፤ እውነተኛ ምስክር ነው፤ እሱን በምን ትሰብሪዋለሽ?

ይህን ካየሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ድምፅ ስገለብጥ ምስክር ቀን በጠራ ቁጥር እጄ ይቆም ነበር። «ማን ነገረህ?» ልለው ይዳዳኛል። እሱ ግን ቅጂ ነው፣ አይሰማኝም።

ስለዚህ ጃንሜዳ፣ ሂችኮክ የተናገረውን አልክድም፤ ቃሉ ግን ለሁሉ ፊልም የሚሠራ ሕግ አይሆንም። የእኔ መለኪያ ይህች ናት፦ ፊልሙ ማን እየተናገረ እንደሆነ ነግሮኛል ወይ? ከነገረኝ ሐቀኛ ነው፤ የማመንና ያለማመን ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ወንድምሽ ፊልሙን እንደገና ይክፈተውና አርናብ በታየ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይይ፤ በዚያ ሰዓት ቪድያን የሚሰማት ሰው አለ? ማንም ሳይሰማት፣ ብቻዋን ሆና ያንን ፊት ካየችው ወንድምሽ ክርክሩን ረቷል፤ እኔም ተቀብዬ እቀመጣለሁ።


የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ለእማዬ አነበብኩላት፤ «ዳኛ» ያልሻትን ሁለቴ አስደገመችኝ። ወንድሜ ግን አልተረታም። እንዲህ ብሎ ጻፊልኝ ብሏል፦ ፍርድ ቤት መስቀለኛ ጥያቄ አለ። ባለሱቁን «በርህ ወዴት ነው?» የሚለው ጠበቃ አለ። ፊልም ላይ ተመልካቹ አፉን ተይዞ ነው የሚቀመጠው። እኔን ወክሎ የሚጠይቅ ሰው ሳይኖር ምስክር ብቻ ካሰሙኝ ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ይኼኛው ነጥብ እኔንም ያሳምነኛል። ራና ይወዳታል፣ አይጠይቃትም። ሌላ ማን ነበረ?


ግልባጭ፦

ካን አለ! ያ ከዴልሂ የመጣው የደኅንነት ሰው፣ ናዋዙዲን ሲዲኪ የተጫወተው፣ ሲጋራውን ሳያጠፋ ትልልቅ ሰዎች ላይ የሚጮኸው። መስቀለኛ ጠያቂው እሱ ነው፤ ማንንም አያምንም፣ ማንንም አያከብርም። ግን የሚጠይቀው ሁሉ «ዳምጂ የት ነው?» ነው። ሴትየዋን እንደ ማጥመጃ ሊጠቀምባት ስለፈለገ «አንቺ ማን ነሽ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ዘለለ። ጠያቂ ነበረ፤ የሚጠይቀው ግን ለራሱ ጉዳይ ነው። ይኼም ችሎት ላይ ያለ ነገር ነው፤ ጠበቃው ደንበኛውን የሚጠቅመውን ብቻ ጠይቆ ይቀመጣል፣ ሊጠየቅ የሚገባው ሳይጠየቅ መዝገቡ ይዘጋል። ወንድምሽ ጥሩ ጠበቃ ይወጣዋል፣ ሕግ ካልሆነ የሚማረው አሁኑኑ ይዛወር።


ሰባራ ባቡር፦

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን እየተከታተልኩ ነው፤ ደስ ብሎኛል። እኔ የቆየውን ላምጣ። በእኛ ጊዜ የህንድ ፊልም ስናይ፣ ራስ ሲኒማም ይሁን ሌላው ጋ፣ ዘፈኑ ሲጀምር ሲጋራ ሊያጨስ የሚወጣ ወጥቶ ዘፈኑ ሲያልቅ ይመለስ ነበር። ከዚያ ዘመን ሁለት የግድያ ፊልሞች ግን አንድም ዘፈን የላቸውም። አንዱ የቢ. አር. ቾፕራ «ካኑን» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ። ሁለተኛው ታናሽ ወንድሙ ያሽ ቾፕራ እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው «ኢተፋቅ» ነው፤ ራጄሽ ካና እና ናንዳ የተባሉት ተዋንያን አንድ ቤት ውስጥ ዝናባማ ሌሊት ያሳልፋሉ፤ እሱ ሚስቱን ገደለ ተብሎ የተከሰሰ፣ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያመለጠ ነው። በዚያ ዘመን ያለ ዘፈን ፊልም ማውጣት ትልቅ ድፍረት ነው። ሁለቱንም ያገኘኋቸው ብዙ ቆይቼ ዶሮ ማነቂያ ከነበረ አንድ ካሴት አከራይ ነው። ልጁ ደንበኛውን ያውቃል፤ ዘፈን የሚፈልገውንና ታሪክ የሚፈልገውን ይለያል። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደገባ አላውቅም።

ይህን ያነሳሁት ለግልባጭ አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው። «ካኑን» ውስጥ አንድ ወጣት ጠበቃ፣ አማቱ ሊሆን የደረሰ የተከበረ ዳኛ አንድ አራጣ አበዳሪ ሲገድል በገዛ ዓይኑ ያያል። የሚያወራለት የለም፣ ራሱ ነው ያየው። በግድያው አንድ ምስኪን ሌባ ተይዞ ይቀርባል፣ ጉዳዩም እዚያው ዳኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ጠበቃው ለሌባው ይቆማል። አስቡት፣ እውነተኛው ገዳይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ንጹሑን ይዳኛል ብሎ ሲያምን የሚሆነውን! የፊልሙ ልብ እዚህ ነው፤ አሾክ ኩማር ዳኛውን ሆኖ ሲጫወት ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በመጨረሻ ግን ገዳዩ ዳኛውን የሚመስል ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ፊልሙ በዓይን ምስክር ብቻ ሰው አይሰቀል ሊል ነው የተሠራው፣ ዓላማውን አከብራለሁ። ግን ያን ሁሉ ሰዓት ተጨንቄ ቆይቼ «መንታ የሚመስል ሰው ነው» ስባል ተናድጄ ነበር። ያኔ ማን ይናገራል የሚለው መለኪያሽ አያድንም፤ ተናጋሪ የለማ፣ ያለው ዓይን ነው። ይኸው «ካሃኒ»ም ላይ «ባልሽ ዳምጂን ይመስላል» መጣ። መመሳሰል በገባበት ፊልም ሁሉ ደራሲው ጉልበት እንዳነሰው ነው የምቆጥረው። ምን ትያለሽ?


ግልባጭ፦

ጋሼ፣ «ካኑን» ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሰው በዓይኑ ይሳሳታል ለማለት መንታ መሳይ አያስፈልግም ነበር፤ ጨለማ፣ ርቀት፣ ድንጋጤ ይበቃል። እኔ በየዕለቱ የምሰማው ያንን ነው። ቾፕራ ግን አማትየውንም ንጹሕ፣ ጠበቃውንም እውነተኛ አድርጎ ማውጣት ፈለገ፤ ሁለቱንም ለማዳን ሦስተኛ ሰው ፈጠረ።

«ካሃኒ» ውስጥ ያለው መመሳሰል ግን ሌላ ነው፤ እባክዎ ከዚያኛው ጋር አይደምሩት። አርናብ የለም፣ ስለዚህ ዳምጂን የሚመስል ሰውም የለም። መመሳሰሉን ያመጣችው ቪድያ ናት። ያልነበረ ባል ስትፈጥር የጠላቷን ፊት ሰጠችው፤ ከዚያ ያንን ፊት ይዛ ዳምጂ ይሠራበት ወደነበረው ቤት ገባች። ለምን? አንድ ሰው እንዲለየው ነው። የተደበቀን ሰው ስሙን ጠርተሽ ብትጠይቂ ሁሉም በሩን ይዘጋል። «ባሌ ጠፋ» ብላ እያለቀሰች ፎቶ ስታሳይ ግን አንዲት ደግ ሴት «አንድ ሰው ይመስላል» ትላለች፤ በዚያች ቃል መዝገቡ ይነሳል፣ መዝገቡ ሲነሳ ደባቂዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። መመሳሰሉ የደራሲው ማምለጫ ሳይሆን የሴትየዋ ወጥመድ ነው። ለእናትሽም ንገሪያቸው፣ የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፤ ያ በጎ በጎው ሲወራለት የነበረው ሰው የሟች ባሏ ጠባይ አለው፣ ፊቱ ግን የገዳዩ ነው። ይህን ስታወራ የነበረች ሴት ምን ያህል ጥርሷን እንደነከሰች አስቡት።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አግነስ ናት። ፎቶውን አይታ «ይመስላል» ያለችው ኃላፊ። ምንም አላጠፋችም፣ ልትረዳ ነው ቃሏን የሰጠችው፣ ቦብ ቢስዋስ ቤቷ መጣ። ቪድያ ወጥመዱን ስትዘረጋ መጀመሪያ የሚረግጠው ንጹሕ ሰው ሊሆን እንደሚችል ታውቅ ነበር? ፊልሙ ስለዚህ የሚለው ጥቂት ነው፤ ሰውም ተወያይቶበት አላየሁም። ወንድምሽ ክስ መመሥረት ካማረው ካሜራውን ይተወውና በዚህ ይክሰሳት፤ እዚህ ላይ መከላከያ የለኝም።